ሐዘን ነው ሠርግ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በጠቅላላው 46። ከጀርመን፣ ከሽቱትጋርት ስነሣ ከዚህ ውስጥ የእኔ የምለው ስድስት ኪሎ አይሞላም ነበር።

ውጭ የኖረ ሰው ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። "አገር ቤት ልትሄድ ነው" የሚል ወሬ አንዴ ከወጣ አለቀ። የአንዷ እናት የስኳር መለኪያ። የአንዱ ወንድም ጫማ። ለክርስትና ልጅ ጃኬት፣ ለምራት ሽቶ፣ ለሠፈር ልጆች ቸኮሌት። አንዲት ጓደኛዬማ "ትንሽ ናት፣ ቦታ አትይዝም" ብላ የቡና መፍጫ ማሽን ይዛ መጣች። ወደ ጅማ፣ የቡና መፍጫ! እምቢ ማለት አይቻልም። ነገ የእኔንም ዕቃ የሚያደርስልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እኔ ደግሞ የራሴ ዕቅድ ነበረኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው አገር ተራራ ስወጣ ከርሜ፣ እናቴ ባደገችበት አገር አንድ ሌሊት እንኳ ጫካ አድሬ አላውቅም። ጅማ አክስቴ ዘንድ ልሂድ፣ ከዚያ በለጠ ጫካ ሁለት ሌሊት ላድር አልኩ። ድንኳኑ፣ እንደ ከረጢት ገብተው የሚተኙበት ስሊፒንግ ባግ፣ የሚነፋው ፍራሽ፣ የጋዝ ምድጃው ሳሎን ወለል ላይ ተደርድረው ነበር። የሰው ዕቃ በመጣ ቁጥር አንድ አንዱ ወደ ቁም ሣጥን ይመለሳል። በመጨረሻ የተረፈኝ የዝናብ ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ትንሽ የውሃ ማጣሪያ፣ እና በእግሬ አጥልቄው የመጣሁት የተራራ ጫማ ነው። "ሌላውን እዚያው እገዛለሁ" አልኩ።

ጫማው ላይ ግን አልተደራደርኩም። ድንኳን ይገዛል፣ ብርድ ልብስ ይገዛል፤ እግር የለመደው ጫማ በየትም አገር አይሸጥም። አውሮፕላን ላይ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቁልቁል አይተው "ልጄ፣ ወታደር ነሽ?" አሉኝ።

የጋዝ ምድጃውን ትቼ መምጣቴ አልቆጨኝም። ጋዙን ይዞ መብረር አይቻልማ፤ በሻንጣም በእጅም ክልክል ነው። አውሮፓ ውስጥ በየካምፒንግ ሱቁ የሚሸጠው፣ ምድጃው አናቱ ላይ የሚጠመዘዝበት ትንሽ የጋዝ ቆርቆሮ ደግሞ ጅማ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ ራሴን አላታለልኩም። ጋዝ የሌለው ምድጃ ሸክም ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሌሊት ተነሣን። ወሊሶ ቁርስ፣ ወልቂጤ ሻይ፣ ከዚያ ጆሮ እየደፈነን ወደ ግቤ በረሃ ቁልቁል። ወንዙን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ አገሩ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። የቀረውን መንገድ ተኝቻለሁ።

አክስቴ፣ እትዬ ነው የምላቸው፣ አቅፈው፣ ስመው፣ አልቅሰው፣ አብልተው ሲያበቁ ዕቅዴን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ጫካ ልታድሪ?"

"አዎ እትዬ።"

"ምን ጎድሎብሽ ነው ልጄ? አልጋ አንጥፌልሽ የለም እንዴ?"

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የመንገድ ጓዴ የእትዬ ልጅ ነው። 24 ዓመቱ ነው፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ጨርሷል፤ ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው። የጫካውን ፈቃድ ቀድሞ ጨርሶልኛል። የቀረን ዕቃ መግዛት ነው። "ግማሽ ቀን ይበቃናል" አለ። እኔም አመንኩት።

መጀመሪያ አንድ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ገባን። ኳስ፣ ማሊያ፣ ቱታ፣ ዋንጫ።

"የካምፒንግ ዕቃ አላችሁ?"

ልጁ ትንሽ አሰበ። "የየት አገር ክለብ ነው?" አለኝ።

ሁለተኛው ሱቅ ወንበርና የሠርግ ዕቃ ያከራያል። ማሙሽ በር ላይ ቆመ፤ እኔ ገባሁ።

"ድንኳን አለ?"

"አለ። ሐዘን ነው ሠርግ?"

"ሁለቱም አይደለም።"

"ምርቃት?"

"ለመተኛ ነው።"

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። "ስንት ሰው?"

"ሁለት።"

"ሁለት መቶ?"

"ሁለት። እኔና እሱ።"

ሰውየው ማሙሽን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በእውነት አዝኖልን፣ "እህቴ፣ ሆቴል እኮ አለ" አለኝ። ማሙሽ ከበሩ ላይ "የእናቴ የእህት ልጅ ናት!" ብሎ ጮኸ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

እስከ ምሳ ሰዓት እንዲሁ ዋልን። "ጋዝ" ስንል ትልቅ ሲሊንደር አወጡልን፤ ባዶውን እንኳ ብቻዬን አላነሣውም። "የመኝታ ከረጢት" ስል ቃሉን ማንም አላወቀውም፤ አውሮፓ ሆኜ የፈጠርኩት ቃል ሳይሆን አይቀርም። አንድ ፋርማሲ ገብቼ ደግሞ አልኮል ጠየቅኩ። የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጦ አልኮል የሚነድበት ምድጃ መሥራት እችላለሁ። ያለው ግን 70 በመቶ የሆነው የቁስል አልኮል ነው። የቀረው 30 በመቶ ውሃ ነዋ። ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ነበልባሉ ቢጫ ነው፤ ብረት ድስቱን አጥቁሮ ቀረ፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ለብ ሳይል አልኮሉ አለቀ። እትዬ በመስኮት እያዩ "ይኼንን ነው ጀርመን ያስተማሩሽ?" አሉ።

ሰሜን ተራሮች ልሄድ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም። ጎንደርና ደባርቅ ድንኳንም ስሊፒንግ ባግም የሚያከራይ አለ፤ ቱሪስቱ ለረጅም ዘመን ስለተመላለሰ ዕቃው ስም አለው። ኔፓል፣ ካትማንዱ ታሜል የሚባለው ሠፈር ብትሄዱ ደግሞ ከሱቅ ሱቅ የተራራ ዕቃ ነው፤ እውነተኛውም አስመስሎ የተሠራውም ጎን ለጎን ተሰቅሎ። ጅማ ለዚህ ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። የቡና ከተማ ናት።

ከሰዓት በኋላ ደክሞን መናኸሪያው አካባቢ ሻይ ልንጠጣ ተቀመጥን። ከጎናችን የአንድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ማሙሽ ሲያማርር ሰምቶ ዞረ።

"ውጭ ነው የምታድሩት?"

"አዎ።"

"እኔ በወር ሃያ ቀን ውጭ ነው የማድረው" አለ። "ሸራ፣ ላስቲክ፣ ስፖንጅ፣ ገመድ፣ ጋቢ። ሌላው ትርፍ ነው። ነገ ሐሙስ አይደል? ገበያ ውጡ።"

ጥያቄዬ ነበር የተበላሸው። ቀኑን ሙሉ የዕቃውን ስም ስጠራ ዋልኩ። ስሙ ጀርመን ነው ያለው። ውጭ የሚያድር ሰው ግን እዚህም ሞልቷል፦ የመኪና ረዳት፣ የቡና ጠባቂ፣ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ። እነሱን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የግቢውን ቆሻሻ ሰብስበው አቃጠሉ፤ ኅዳር ሲታጠን መሆኑ ነው። በ1911 ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ዓለም ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ያው በሽታ ነው። ጭስ ጭስ እየሸተትን ገበያ ወጣን።

የጅማ ሐሙስ ገበያ የዛሬ አይደለም። ቦታው ድሮ ሂርማታ ይባል ነበር፤ በአባ ጅፋር ዘመን ከየአገሩ ሲራራ ነጋዴ የሚወርድበት ነበር። ዛሬም ሁሉ ነገር አለ። በርጩማ የሚጠርቡት፣ ማር በጣሳ የደረደሩት፣ ቆጮ የጠቀለሉት፣ በርበሬ የዘረጉት። ወቅቱ ደግሞ የቡና ነው፤ ኬሻ የተሸከመ ሰው "ዞር በሉ!" እያለ በየት እንደመጣ ሳይታይ ይገፋችኋል።

ሸራ ተራ ጀመርን። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሰማያዊ፣ ቀላል፣ በሁለት ወገን ላስቲክ የተለበጠ ነው። ሌላው የጭነት መኪና የሚለብሰው ወፍራም ሸራ ነው፤ ለዘመናት ይኖራል፣ ግን አህያ ያስፈልገዋል። ሰማያዊውን መረጥን። ማሙሽ አንድ ዘዴ አሳየኝ፤ ሸራውን ከፍ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያዘው። መርፌ የወጋው የሚመስል ብርሃን ከታየ ይቀራል። ሦስተኛው ላይ ንጹሕ አገኘን። 4 በ5 ሜትር።

ለመሬቱ ጥቁር ላስቲክ በሜትር አስቆረጥን። የናይሎን ገመድ 20 ሜትር። ሲባጎም አይቼ ነበር፤ ሻጯ ራሷ "ዝናብ ሲነካው ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይላላል፣ ለድንኳን አይሆንሽም" ብላ ከለከለችኝ። ሸጣ ልትሸኘኝ ስትችል። ከእሷ ዘንድ ሌላ ሦስት ነገር ገዛሁ።

ስፖንጅ ቤቱ ውስጥ ውፍረቱ በሴንቲ ነው የሚጠራው። እኔ ባለአምስት አልኩ። ማሙሽ ባለአሥር ካልሆነ አለ። በጀርባ ቦርሳ ባለአሥር ስፖንጅ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ሲታይ ቤት የሚቀይር ነው የሚመስለው። ባለአምስት ሆነ።

ሰልባጅ ተራ የሄድነው ለሹራብ ነበር። ቦንዳው ገና መፈታቱ ነው፤ ሴቱ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይፈትሻል። እኔም ጎንበስ አልኩ። እጄ አንድ የሚንሸራተት ጨርቅ ነካ። ሳብኩት። አልወጣ አለ። በሁለት እጅ ሳብኩት። ስሊፒንግ ባግ! ከነመለያው። ሻጩን "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት፣ ሊያስወድደው እንዳይችል ፊቴን አጨማድጄ።

"ብርድ ልብስ ነው፤ ዚፕ ያለው" አለ። ከዚያ ገልበጥ አድርጎ አየውና "የሚያመልጥ ልጅ ይታሰርበታል" ብሎ ጨመረበት።

መለያው ላይ ሁለት የሙቀት ቁጥር አለ። በአውሮፓ መስፈርት አንደኛው ተመችቶ የሚተኙበት ነው፤ ሁለተኛው ተኮራምተውም ቢሆን የሚያድሩበት ወሰን ነው። ሱቆች በትልቁ የሚጽፉት ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛውን ነው። እናንተ ግን የሚመቸውን ቁጥር እመኑ። የዚህኛው 10 ዲግሪ ይላል። ለጅማ ኅዳር ልክ ነው ማለት ይቻላል። ተደራደርን፣ ገዛን፣ ቤት ስንደርስ ዘረጋነው። የልጅ ሆኖ ተገኘ። ማሙሽ ገባበት፤ ደረቱ ላይ ቆመ።

የቀረውን በፍጥነት ገዛን። የግንባር ባትሪ አገኘን፤ መብራት ስለሚጠፋ እዚህ በየሱቁ አለ። አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን ለውሃ፣ ለማሙሽ ቦቲ ጫማ። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ዘንድ ደግሞ ከዘይት ጣሳ የተሠራች፣ ሁለት ጭብጥ የምታህል የከሰል ምድጃ። ገና ስትሠራ ቆመን አየናት። ከጀርመኑ ምድጃዬ በእጥፍ ትከብዳለች። ነገር ግን ነዳጇ በየመንገዱ ይሸጣል።

ማታ ደመርኩት። ከመኝታው እስከ ምድጃው ሁሉም ተደምሮ የእግሬን ጫማ ዋጋ ግማሽ አልሞላም። ይህን ለእትዬ አልነገርኳቸውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ሸራ ገና ድንኳን አይደለም። ማን ይስፋው? ልብስ ሰፊዎቹ መርፌያችን ይሰበራል ብለው እምቢ አሉ። የረዳቱ ምክር ትዝ አለኝና እንደሱ አሰብኩ፦ ጅማ ውስጥ በየቀኑ ላስቲክና ሸራ የሚሰፋ ማነው? መልሱ ከፊታችን ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ባጃጅ! የባጃጅ መጋረጃና ጣሪያ የሚሰፋ ሰው ይኖራላ።

ታፒሴሪ ቤቱ አንድ በር ናት። ሰውየው ኮሚክ ነው። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት፦ እንደ ቤት ጣሪያ ሁለት ክዳን፣ አናቱ ላይ ገመድ የሚያልፍበት እጥፋት፣ ጫፍና ጫፉ ክፍት።

"በር የለውም?"

"የለውም። አየር እንዲያልፍ ነው።"

ላስቲክ የለበሰ ሸራ አይተነፍስም። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያድረው እርጥበት ሸራው ላይ ይጠራቀምና ንጋት ላይ ፊት ላይ ይንጠባጠባል። ውድ ድንኳኖች ሁለት ድርብ የሆኑት ለዚህ ነው። እኛ ድርብ የለንም፤ ስለዚህ ንፋስ ይግባ። ሰውየው "ጅብስ?" አለ። "ጅብ በር አንኳኩቶ አይገባም" አልኩት። ሳቀና ማሽኑን አስነሣ።

ጠርዙን አጠፈ፣ ማዕዘኑ ላይ የባጃጅ ቀበቶ ደረበበት፣ ስምንት የብረት ቀለበት መታበት። ስፌቱን ሻማ አስቀባሁት፤ መርፌ ያለፈበት ሁሉ ውሃ ያሳልፋልና። ግማሹን ቀብቶ ሻማው አለቀ። "ይበቃል፤ በጋ ነው" አለ። እኔም ቸኩዬ ነበር፤ ይበቃል አልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ካስማውን ማሙሽ ከባሕር ዛፍ ጠረበው። ማታ ግቢ ውስጥ ለሙከራ ተከልነው። ቆመ! ሰማያዊ፣ ትንሽ ጠመም ያለ፣ ግን ድንኳን። ፎቶ አነሣሁት። ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

ብዙም አልቆየ፣ የውጭው በር ተንኳኳ። ጎረቤት ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸው ዳምኖ።

"ምነው ዝም አላችሁን? ማን ነው?"

እትዬ ገርሟቸው "ምኑ ማን ነው?" አሉ።

"ድንኳን ተክላችሁ የለም እንዴ!"

ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ደርሰዋል። አንደኛዋ የዕድሩን ሰብሳቢ ልትጠራ ልጅ ልካለች። እትዬ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቅ ያዛቸው፣ ቀጥሎ ቡና ተፈላ። ሴቶቹ ከድንኳኑ ገብተው ተቀመጡበት። ሦስቱ ሲገቡ ሞላ። "ለዕድር አይሆንም" ብለው ፈረዱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ስንቅ የእትዬ ሥራ ነው፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ማር በትንሽ ጠርሙስ፣ ቋንጣ። ቋንጣው ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፦ "ዛሬ ማታ ይለቅ። ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል።" ጀርመን ውስጥ የተራራ ምግብ ብለው በቦርሳ አሽገው የሚሸጡት፣ ውሃ ሲፈስበት የሚበላው ደረቅ ምግብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የምሳ ዋጋ ነው። ድርቆሽ ያው ነው። ውሃ አፍስሱበት፣ ያብጣል፣ ብሉ። በሶማ እሳትም አይፈልግ።

በለጠ ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰቃን አልፈን፣ ሸቤ ሳንደርስ ወረድን። ጫካው መንገዱ ዳር ድረስ ይመጣል። ከላይ ቀረሮና ዋንዛ፣ ከሥር ቡና፣ ሰው ያልተከለው። ለቅሞ የሚኖርበት ገበሬ ጫካውን በማኅበር ተደራጅቶ ይጠብቃል፤ ማኅበሩን ዋቡብ ይሉታል። በጃፓኑ የልማት ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ2003 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ሥራ ጋር የመጣ ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሦስት ሰዓት ሄድን። ጭቃው ቀይና አንሸራታች ነው። የእኔ ባለውድ ዋጋው ጫማ ጭቃ ጎርሶ ሁለት ኪሎ አከለ። የማሙሽ ቦቲ ወንዝ ላይ ታጠብ ተደርጎ ይቀጥላል። አልፎ አልፎ ዞር ብሎ ያየኛል። ምንም አይናገርም፤ ያያል።

የምናድርበት ቦታ አንድ የቡና ጠባቂ ሽማግሌ ጎጆ አጠገብ ነው። አማርኛ ትንሽ ይችላሉ፤ ማሙሽ ኦሮምኛውን ያስተረጉምልኛል። ኦቦ ነው የምንላቸው። ድንኳኑን ስንተክል ቆመው አዩን። ቦታውን ለስላሳ ስለሆነ መረጥኩት፤ ሣሩ ወፍራም ነው። አንድ ነገር ተናገሩ። ማሙሽ "እዚህ ውሃ ይተኛል ይላሉ" አለኝ። ሰማዩን አየሁ፤ ደመና የለም። "ሁለት ሌሊት ነው፣ ግድ የለም" አልኩ።

ከሰሉን ውጭ አቀጣጠልን። ማሙሽ ምድጃዋን ለሙቀት ወደ ድንኳኑ ሊያስጠጋት ሲል ጮኽኩበት። ድንኳኑ ክፍት ቢሆንም ከሰል ከእንቅልፍ ጋር አይደረግም፤ ጭሱ ባይታይም ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ይህንን ጀርመን አይደለም የተማርኩት። ከሰል አስገብቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ወሬ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም።

ቋንጣውን ጨረስን። ተኛን።

ዝናቡ የመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ ሸራው ላይ ድምፁ ደስ ይላል። ከዚያ ማሙሽ "ጠብ አለብኝ" አለ። ሻማ ያልተቀባው ግማሽ ስፌት በእሱ በኩል ነው የሆነው። በእኔ በኩል ደግሞ ውሃው ከሥር መጣ። ላስቲኩን ያነጠፍኩት ከሸራው ጠርዝ አልፎ እስኪወጣ ነበር፤ ከክዳኑ የሚወርደውን ሁሉ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይመራዋል። ስፖንጅ ደግሞ ስሙ ላይ ተጽፎለታል። ጠጣው። እኔ የተኛሁበት ፍራሽ ሳይሆን እርጥብ ዳቦ ሆነ። የማሙሽ ስሊፒንግ ባግ ደረቱ ድረስ ሞቅ ብሎታል፤ ከደረቱ በላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል።

ዝናቡ ሲያባራ ጉንዳን መጣ። ስለ እሱ አጭር ልሁን። ቁምጣ አድርጌ ነበር።

ባትሪ ግንባራችን ላይ አስረን፣ እየዘለልን፣ እየተራገፍን ወደ ኦቦ ጎጆ ሄድን። በሩን ቀድመው ከፍተውት ነበር። እሳቱ ላይ ጀበና ተጥዷል።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ኦቦ ጠዋት ድንኳኑን ራሳቸው ነቀሉት። ወደ ተዳፋቱ ወስደው፣ ጀርባውን ዝናቡ ወደመጣበት አዙረው ተከሉት። ገመዱን ወጠሩት፤ ሸራው እንደ ከበሮ ጮኸ። በላይኛው በኩል በዶማ ስንዝር የማትሞላ ቦይ ቀደዱ። ላስቲኩን ጠርዝ ጠርዙን ወደ ላይ አጠፉት፣ እንደ ትሪ። ከምድጃችንና ከእሳታቸው አመድ ሰብስበው ዙሪያውን ነሰነሱ፤ ለጉንዳን። ስፖንጁን እኔና ማሙሽ ጨምቀን ፀሐይ ላይ ሰቀልነው።

ሲጨርሱ ጫማዬን በዱላቸው ነካ አደረጉት።

"ዋጋው ስንት ነው ይላሉ" አለ ማሙሽ።

"ስጦታ ነው በላቸው" አልኩ። ዋሸሁ። ዋጋውን ብናገር የሚሉትን ፈርቼ ነው።

ቀኑን በእግር ዋልን። ጉሬዛ ከአናታችን ነጭ ጭራውን እያውለበለበ ይዘላል። የቡና ለቃሚዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሰዎቹ አይታዩም። ቀይ ቡና አፌ ውስጥ ጨምሬ ልጣጩን ጠባሁት፤ ይጣፍጣል። ምሳ በሶ በማር። እራት ሽሮ። ማታ እንደገና ዘነበ። አንድ ጠብታ አልገባም። ማሙሽ ያንኮራፋል።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ከመነሣታችን በፊት ስፖንጁንና ጄሪካኑን ለኦቦ ተውንላቸው። ምድጃዋን አልፈልግም አሉ። "ከሰል የከተማ ነው" አሉ። የማሙሽን ቦቲ ግን ለክተው አዩት፤ ልካቸው ሆነ። ማሙሽ መኪና እስኪገኝ ድረስ በነጠላ ጫማ ሄደ።

ቤት ስንገባ እትዬ የተኛንበት ስፖንጅ የት እንደደረሰ ጠየቁ፣ የቋንጣውን ማለቅ አረጋገጡ፣ ጭቃውን አይተው ገላ መታጠቢያ ውሃ ጣዱ።

ማታ ሻንጣ ማዘጋጀት። ድንኳኑን ወደ ሽቱትጋርት ልወስደው ቆርጬ ነበር። በስምንት የባጃጅ ቀለበት የተመታ ድንኳን ማን አለው? አጥፌ ከታች አደረግኩት። ከዚያ እትዬ መጡ። ለእገሊት በርበሬ። ለእገሌ ልጆች ዳቦ ቆሎ። የቡና መፍጫውን ለላከችው ጓደኛዬ ከእናቷ አራት ኪሎ ቡና፤ የተቆላ፣ የተፈጨ። የተፈጨ! ሽሮ፣ ማር፣ ድፍን ምስር። ሚዛን ላይ አወጣነው። 49 ኪሎ።

ድንኳኑ ሦስት ኪሎ ነው። አወጣሁት።

ታኅሣሥ፣ ከሽቱትጋርት

እትዬ ዛሬ ደወሉ። ከሰላምታው መሀል "ድንኳንሽን እኮ ዘረጋሁት" አሉ።

ክው አልኩ። "ሐዘን ነው ሠርግ?"

"ኧረ ቡና ነው! የጓሮዋን ለቅመን አልጋ ላይ አስጥተናት፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይነካት አለብሳታለሁ። አንዱ ቀለበት ግን ወልቋል። ማሙሽ ወደ ባጃጁ ሰውዬ ይዞት ሄዷል።"